የማትጠፋዋ መኪና

አባቴ መኪናዋ አቀበት ስትጀምር ይዘፍን ነበር። ሜዳ ላይ ዝም ብሎ ይነዳል፤ ቁልቁለት ላይ ግንባሩን ቋጥሮ ስለ ፍሬን ያስተምራል። አቀበት ሲመጣ ግን መስኮቱን እስከ ታች ያወርድና፣ ንፋስ እንደሚያንገጫግጨው ቆርቆሮ ባለ ድምፁ «ሾፌሩ ቀስ በል፣ ግራ ቀኝህን እይ» ብሎ ይጀምራል። እኔና አክስቴ ከኋላ ሆነን መቀበል አለብን። ዝም ካልን በመስታወቱ ያፈጥብናል። የሰፈሩ ሰው ቆም ብሎ ያየናል። እኔም እያጨበጨብኩ፣ አባቴ ከፍ ያለ ቦታ ደስ የሚለው ሰው ነው ብዬ አምን ነበር።

ዘፈኑን የደረሰው ራሱ ነው። መንጃ ፈቃድ ለሚፈልጉ ሰዎች መንዳት ያስተምራል፤ ስሙን የሚጠራው ሰው የለም፣ ሁሉም «መምህር» ነው የሚለው። መኪናዋ አሮጌ የናፍጣ መኪና ነበረች፤ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ተቀምጦባታል። የሰፈሩ ሰው ግማሹ የተማረው በእሷ ነው። አባቴ ተማሪዎቹን የሚገሥጽበት አንድ ንግግር ነበረው፦ «ፍሪሲዮን የሚረገጠው ማርሽ ሊቀየር ነው። ከዚያ እግርህን ታነሣለህ። ፍሪሲዮን ላይ እግሩን የሚያሳርፍ ሰው በሰው አልጋ ላይ ከነጫማው የሚተኛ ሰው ነው።» ይህን የሚናገረው የራሱን ግራ እግር ፍሪሲዮኑ ላይ እንደ ትራስ አሳርፎ ነው።

አቀበቱ ላይ ሽታም ነበር። የተቃጠለ ጨርቅና የተቃጠለ ጎማ አንድ ላይ ሲሸት አስቡት። እኔ በቤታችን እንዲህ የሚሸት ነገር አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ የአክስቴ ካውያ። ስለዚህ አቀበት በወጣን ቁጥር «ካውያውን ነቅለሻል?» እላታለሁ።

«ነቅያለሁ።»

«በደንብ?»

«ካውያ በደንብና በመጥፎ አይነቀልም።»

ከዚያ ቤታችን ሲቃጠል፣ የአባቴ ሸሚዞች በመስኮቱ እየበረሩ ሲወጡ ይታየኛል፤ ማልቀስ እጀምራለሁ። አባቴ ዘፈኑን ያቋርጥና «ይኸው አምቡላንሷ ጮኸች፤ አደጋው ሳይደርስ የምትጮህ እሷ ብቻ ናት» ይላል። አምቡላንስ የሚለው ስም እንዲህ ነው የወጣልኝ። ዛሬ መስኮቱ ለምን ይከፈት እንደነበር፣ ዘፈኑም የማንን ጩኸት ይሸፍን እንደነበር አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የምሰማው የአባቴን ድምፅ ብቻ ነው። ከሥሩ ሞተሩ እንደ ጉድ ይጮኻል፣ ዛፎቹ ግን በመስኮቱ በኩል የሚያልፉት እንደ ድሮው በዝግታ ነበር።

እናቴ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ስለነበረች ማለዳ ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው። ቤቱን ያቆመችው የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ናት። ታበስላለች፣ እኔን ታጥባለች፣ መኪናዋን ታጥባለች፣ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አስነሥታ ታሞቃለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአባቴን ሸሚዝ ትተኩሳለች። የአባቴ ኮሌታ ቆሞ ሲታይ ሰውየው ሌላ ነገር የተማረ ይመስላል። እሱም ያውቀዋል። ለዚህም ነው አክስቴን የጠየቀ ወንድ ሁሉ በእሱ ምርመራ የሚወድቀው። አንዱ ሲቀመጥ ወንበሩ ጮኸበት፣ ክብደቱን መያዝ የማይችል ሰው ተባለ። ሌላው በአፉ ይተነፍሳል፣ ውስጡ ችግር አለ ተባለ። አንዱ ደግሞ ምንም ሲታጣለት የጫማው ተረከዝ በአንድ በኩል ማለቁ ታየ፤ «ይህ ሰው መስመር አይዝም» አለ አባቴ፣ እንደ ጎማ አይቶ።

ከዚያ ፎቶ አንሺው መጣ። ዋናው መንገድ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት አለው፤ መስታወቱ ውስጥ የሰዎች ፎቶ በትልቁ ታጥቦ ይሰቀላል። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል የሚያደርግ ሰው ነው። አባቴ አየውና «አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚኖር ሰው ቤት ያስተዳድራል?» አለ። ፎቶ አንሺው ግን አልሄደም። በሳምንቱ መጣ፣ በሚቀጥለውም መጣ።

አክስቴ ማድ ቤት ውስጥ ለእናቴ ስትናገር ሰማኋት። «ይኼኛውንም ካባረረው፣ የሱን ኮሌታ ስተኩስ አርጅቼ እሞታለሁ።»

እኔ የያዝኩት «እሞታለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አክስቴ ጋደም ባለች ቁጥር ጣቴን አፍንጫዋ ሥር እያደረግሁ ትንፋሿን እፈትሽ ነበር። እሷ ያሰበችው ስለ ማግባት ነው፤ እኔ ያሰብኩት ስለ መቃብር።

መካኒኩ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከቤታችን ጎን ጋራዥ አለው፤ የገባ መኪና ቶሎ የማይወጣበት ጋራዥ። አንድ ቀን አቀበቱን እየዘፈንን ስንወጣ በእግሩ ቀደመን። እላይ ደርሶ፣ የመብራት ምሰሶ ተደግፎ፣ ጥርሱን እየፋቀ ጠበቀን።

«መምህር፣ ዘፈኑ ደስ ይላል» አለ። «ፍሪሲዮኗ ግን ያንሸራትታል።»

«የማን ፍሪሲዮን?»

«የመኪናዋ። የእርስዎ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አልሰማም ይላል። መሐል ያለው አገናኝ አልቋል። ሽታው እስከ ጋራዤ ይመጣል።»

አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ገና ስለ ካውያው ልናገር ነበር።

«ናፍጣው ነው» አለ አባቴ። «ውሃ የገባበት ናፍጣ ነው የሚሸጡልን።»

«ይሁን። እዚሁ እንሞክራት። የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ሦስተኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁት። ከዚያ ሞተሩ…»

«ማርሽ ልታስተምረኝ ነው? ለእኔ?» አባቴ የተናገረው ለመካኒኩ ሳይሆን መንገድ ላይ ለቆመው ሰው ሁሉ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ሳያስጨርሰው በቁልቁለቱ ለቀቃት። ቁልቁለት ላይ መኪናዋ ምንም ችግር አልነበራትም።

በማግሥቱ አክስቴን ጋራዡ በር ላይ አየኋት፤ ከመካኒኩ ጋር ራስ ለራስ ገጥመው ያወራሉ፤ እሱ በአየር ላይ ፔዳል እየረገጠ ያሳያታል። እኔ ፎቶ አንሺውን ትታ መካኒኩን ልታገባ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ ታሰበኝ፤ በዚያ እጅ ዳቦ ሲቆርስልን።

አባቴ ሕክምናውን በራሱ መንገድ ቀጠለ። የናፍጣ ማጣሪያ ቀየረ። ጎማ አስነፋ። አንድ ጊዜ ጥፋቱ ጭነት ነው ብሎ እኔንና አክስቴን አቀበቱ ሥር አወረደን፤ እኛ በእግራችን፣ እሱ ብቻውን እየዘፈነ። ቀደምነው። ንፋሱ ከፊት ስለሆነ ነው አለ። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ግዙፏ ተማሪው፣ «መምህር፣ ይኼ ፔዳል እኮ እግሬን ጨርሼ ላነሣ ስል ነው የሚይዘው» ስትለው፣ «እግርሽ ነው ከባድ፣ እመቤቴ» አላት። ሴትየዋ እስክትሞት ድረስ እግሯ ልዩ እንደሆነ ታምን ነበር ይባላል።

ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ወርዶ ፍሪሲዮኑ ቢቀየር ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን መካኒክ ጋ መግባት ማለት «መምህሩ ፍሪሲዮን አቃጠለ» መባል ነው። አባቴ ከዚያ ይልቅ አንድ ምሽት በጥሩ ፊት ቤት ገባና፣ እንደ ልማዱ መጥቶ ለተቀመጠው ፎቶ አንሺ፣ «መኪና ትፈልጋለህ አሉ፣ ከሠርግ ቤት ሠርግ ቤት ለመዞር» አለው።

«እፈልጋለሁ፣ መምህር።»

«እንግዲያው ለባዳ ከምሸጣት ላንተ ትሁን።»

እኔ ደስ አለኝ። አባቴ በመጨረሻ ወደደው፣ መኪናችንን ሊሰጠው ነው፣ አክስቴም አትሞትም። እናቴ ግን ሳህን ስታስቀምጥ ከወትሮው ጠንከር አድርጋ አስቀመጠች። ምክንያቱን የነገረችኝ አርጅታ ነው። አባቴ ለእሷ ያስረዳው እንዲህ ነበር፦ መኪናዋ ሰውየው እጅ ላይ ትቆማለች፣ ሰውየው ጠብ ይዞ ይመጣል፣ ለተጣሉት ሰው ደግሞ እህት አትዳርም። ፍሪሲዮኑም አማቹም በአንድ ቀን ይወገዳሉ፣ ኮሌታው ቤት ይቀራል። «ምን አልሽው?» አልኳት እናቴን። «ምን እላለሁ፣ ያንን ያሰበ ጭንቅላት ለሌላ ነገር ቢውል ብዬ አዘንኩ» አለችኝ።

ከሽያጩ በፊት የነበረውን ቀን ግን ማንም ሳይነግረኝ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አባቴ እንቅልፍ ላይ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ሲተኛ ቤት ቢፈርስም አይሰማም። እኔ ጓሮ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጀርባ ተቀምጫለሁ። አክስቴና ፎቶ አንሺው ግቢ ውስጥ ወዳለችው መኪና ገቡ። መሪውን የያዘችው አክስቴ ናት። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ግንቡ አዙራ ነው የቆመችው፤ በአንድ ክንድ ልዩነት። ሞተሩ ተነሣ። አክስቴ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ጎትታ ሳበችው፤ ማርሽ አስገባች፤ ጉልበቷ ቀስ ብሎ ከፍ ሲል አየሁት። አሁን ግንቡን ይበሱታል፣ ግንቡ ይወድቅባቸዋል፣ አባቴ ይነቃል ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ።

ምንም አልሆነም። መኪናዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሞተሩም አልጠፋም፤ ያጉረመርማል፣ ያጉረመርማል፣ ትንሽ ጭስና ያ የካውያ ሽታ ይወጣል።

«አልጠፋም» አለች አክስቴ።

«እንደገና ሞክሪው።»

እንደገና ሞከረችው። «አልጠፋም!»

ፎቶ አንሺው እጇን ከማርሹ ላይ አንሥቶ በሁለት እጁ ያዘው። አክስቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ አፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። እኔም ከገንዳው ጀርባ ሆኜ ልቤ አረፈ። ገባኝ። መኪና ታስሮ፣ ተይዞ፣ ግንብ ፊት ቆሞ ካልጠፋ፣ ጠንካራ መኪና ነው። አባቴ እውነቱን ነው፣ መካኒኩ ቀናተኛ ነው፣ አክስቴም በጥሩ መኪና ወደ ጥሩ ቤት ትሄዳለች። በሕይወቴ ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ ሆኜ የተማርኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

አባቴ ቁልፉን ባስረከበበት ዕለት ፎቶ አንሺው ካሜራውን ይዞ መጥቶ ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ደቀነ። «ማስታወሻ ትሁነን፣ መምህር» አለ። አክስቴ የአባቴን ኮሌታ አቀናች።

«ቁልፉን በግራ እጅዎ ወደ እኔ ይዘርጉ። ቀኝዎን ደረትዎ ላይ።»

«ደረቴ ላይ ለምን?»

«ያምርብዎታል። እንደሚምል ሰው።»

አባቴ ፎቶ ላይ ማማር ይወዳል። ደረቱን ነፋ፣ እጁን ልቡ ላይ ጣለ፣ ፈገግ አለ።

መኪናዋ ብዙም ሳትቆይ ቆመች። የቆመችውም ሌላ ቦታ አይደለም፣ እኛ በር ፊት ለፊት፣ አቀበቱ ላይ። ፎቶ አንሺው ወርዶ ኮፈኑን በመሐረብ ጠረገና በራችንን አንኳኳ። አባቴ ለጠቡ ተዘጋጅቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ወጣ።

«አመሰግናለሁ፣ መምህር» አለው ፎቶ አንሺው፣ ሰፈር በሚሰማው ድምፅ። «ጥሩ መኪና ናት። ትንሽ ደክሟት ነው። እዚህ ትረፍ።»

«እንዴት ያለ… ምን ሆነች?»

«ምንም። እርስዎ የሸጧት መኪና ምን ትሆናለች?»

በየቀኑ እየመጣ አቧራዋን ይጠርጋል። የሚያልፈው ሁሉ «ምን ነክቷት ነው?» ይላል፤ እሱ «ደህና ናት፣ መምህር ናቸው የሸጡልኝ» ይላል። አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። እኔ አንጀቴን በላው፤ ሞኙ ሰው አልኩት በልቤ፣ ከተጋቡም በኋላ ለዓመታት ሞኙ አጎቴ እያልኩ አዝንለት ነበር።

ከዚያ ፎቶው ተሰቀለ። ዋናው መንገድ ላይ፣ መስታወቱ መሐል፣ የበር ቁመት የሚያህል ተደርጎ ታጥቦ። አባቴ ቁልፍ በግራ፣ ልቡ በቀኝ፣ ጥርሱ በሙሉ ወጥቶ። ከሥሩ አንድም ቃል አልተጻፈም። ተማሪዎቹ ሁሉ ለትምህርት በዚያ ያልፋሉ፤ ፎቶውን ያያሉ፣ ጥግ ይታጠፋሉ፣ የቆመችውን መኪና ያያሉ። አዲስ ለማጆች ወደ ሌላ አስተማሪ መሄድ ጀመሩ። በተከራያት ሌላ መኪና የምትማረው ያቺ ዳቦ ጋጋሪ አንድ ቀን አቀበቱ ላይ፣ «መምህር፣ ያቺ መኪና የቆመችው በእግሬ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ሴትየዋ ከልቧ ነበር የጠየቀችው። አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ማታውን ፎቶ ቤት ሄደ፤ እጄን ይዞኝ ነበር፣ ብቻውን ለመሄድ አፍሮ ይመስለኛል።

«ፎቶው ይውረድ» አለ።

ፎቶ አንሺው አንገቱን ዘንበል አደረገ። «አወርደው ነበር፣ መምህር። ግን በእሱ ቦታ የሚሰቀል ያን የሚያህል ፎቶ የለኝም። ባዶ መስታወት ደግሞ ሥራ ያርቃል።»

«ምን ዓይነት ፎቶ ቢሆን ነው?»

«እኔ እንጃ። የሠርግ ቢሆን ይስማማው ነበር።»

አባቴ ፎቶው ላይ የራሱን ጥርስ ተመለከተ። «ኮሌታዬን ማን ይተኩስልኛል?» አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። እኔ አባቴ እህቱን ሊድር ስለሆነ ከደስታ ብዛት ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ።

ተጋቡ። ፎቶው ወረደ፣ የሠርጉ ወጣ። መኪናዋም በሁለተኛው ወር አዲስ ፍሪሲዮን ገብቶላት፣ አክስቴ መሪውን ይዛ፣ አጎቴ ካሜራውን አቅፎ፣ አቀበቱን ያለ ዘፈን ስትወጣ ታየች። አባቴ መተኮስ ተማረ። አንድ ሸሚዝ አቃጥሏል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ልጄን የሚፈልግ ወጣት ስላለ ነው። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው፤ ቀኑን ጉድጓድ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥሎ ይውላል። ማታ ደግሞ ሞተር ብስክሌት። ልጄን ከኋላ አፈናጦ ሲሄድ እኔ በር ላይ ቆሜ ማን እንደሚደውልልኝ፣ ምን ብሎ እንደሚጀምር ሳይቀር አስባለሁ። «ልጄን ለሞተር ብስክሌት አልሰጥም» አልኩት። ቁርጥ ያለ ነገር ነበር፣ ክርክር አያስገባም። እሱ ግን አልተከራከረም።

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ» አለ። «መኪናዎን ለምን አይሸጡልኝም?»

መኪናዬ ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የቀረችልኝ አሮጌ የናፍጣ መኪና ናት። አቀበት አልወድላትም፤ በወጣሁ ቁጥር ካውያ ያልነቀልኩ ይመስለኝና ተመልሼ ቤት አያለሁ። ልጄ የምትቀመጥባት ከሆነች ደግሞ መርምሬ ነው የምሸጣት። ስለዚህ እንደማውቀው አደረግሁ። ግቢ ውስጥ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። አጉረመረመች እንጂ አልጠፋችም። ደገምኩት። አልጠፋችም። ከብዙ ዓመት በኋላ ደረቴ ቀለል አለኝ።

«ልጄ፣ ምንም አትስጋ» አልኩት ወጣቱን። «ሦስተኛ አስገብቼ፣ ፍሬን ይዤ ሞክሬያታለሁ። አትጠፋም።»

ወጣቱ ወደ ልጄ አየ። ልጄ ጫማዋን አየች።

«እንኳን አልጠፋች» አለ እሱ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። «ማስታወሻ ትሁነን፣ እትዬ።»

አመሻሹ ላይ ለአክስቴ ደወልኩ። አርጅታለች፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው።

«አክስቴ፣ መኪናዬን ሸጥኳት። ለዚያ ለሊፍት ጠጋኙ።»

«ደህና ናት?»

«በደንብ። አንቺ ያን ጊዜ ግቢ ውስጥ እንዳደረግሽው አድርጌ ሞከርኳት። ገንዳው ጀርባ ሆኜ አይቼሻለሁ እኮ። ሦስተኛ አስገብቼ ለቀቅኳት፣ አልጠፋችም።»

መስመሩ ዝም አለ። ራሷን ሳተች ብዬ ስጮህ ሳቋ መጣ፤ ያ የድሮው፣ በነጠላ የታፈነው፣ አሁን ከሳል ጋር።

«አንቺ አምቡላንስ» አለች። «ደህና ፍሪሲዮን ከሆነ ሞተሩ ታንቆ መጥፋት አለበት። ጎማው ታስሯላ። ካልጠፋ ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ሞተሩ ብቻውን ነው የሚዞረው።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። የአባቴ ፍሪሲዮን ማለቁን ከእናቴ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ሙከራ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም። «ታዲያ ያን ቀን ምን አሳቃችሁ?»

«አባትሽ ደህና መኪና ቢሸጥልን ኖሮ በምን እንይዘው ነበር?»

ስንት ዓመት ሞኙ አጎቴ ብዬ ያዘንኩለት ሰውዬ ትዝ አለኝ። አፈሩ ይቅለለውና፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ፎቶዬን ሲያነሣኝ «አትስጊ» ይለኝ ነበር።

«ልጁ ግን አላወቀም» አልኩ። «እነግረዋለሁ፣ ነገ ገንዘቡን እመልስለታለሁ።»

«ሊፍት የሚጠግን ልጅ? እሱ ባያውቅ ልጅሽ ታውቃለች። እኔ ጋ እየመጣች የድሮውን ንገሪኝ፣ ንገሪኝ ስትለኝ ነው የከረመችው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ፎቶ አነሣሽ?»

ስልኬን ከጆሮዬ አውርጄ አየሁት። ልጄ ለዘመድ ሁሉ ልካዋለች፤ ጎረቤቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሁሉም እንኳን ደስ ያላችሁ ብለዋል። ጥርሴ በሙሉ ወጥቷል።

«አነሣኝ።»

«እጅሽ የት ነው?»

«ደረቴ ላይ።»

«በቃ» አለች አክስቴ። «ለሠርጉ ልብስ አሰፊ።»